ሹካ ያልነካው ቂጣ

ቂጣው አሁንም ተነፋ። መርማሪት በማንኪያው ጀርባ ሆዱን ጫን ብታደርገው በአንድ በኩል ሲተነፍስ በሌላው በኩል ጉብ አለ። ዘይቱ ተንጣጣና እጇ ላይ ፈነጠቀ። «እረፍ!» አለችው፣ ልጅ እንደምትቆጣ። ቂጣው ግን የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም።

«ይሄ ምግብ ነው ኳስ?» አሉ እቴቴ። እቴቴ የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ወንበር ስበው፣ ከጠዋት ጀምረው ትርዒት እንደሚያይ ሰው ተቀምጠዋል።

«ፒዛ ነው እቴቴ። የሜክሲኮ ፒዛ።»

«ፒዛስ አውቃለሁ። ሜክሲኮ ምን ጥልቅ አደረጋት?»

«ሁለት ስስ ቂጣ ይጠበሳል። መሃላቸው የተፈጨ ቦሎቄና ሥጋ ይገባል። ከላይ ቀይ ስጎ፣ ቺዝ፣ ቲማቲም፤ ከዚያ ቺዙ እስኪቀልጥ ኦቨን። የሜክሲኮ ሰዎች ራሳቸው ይወቁት አይወቁት እንጃ። የፈጠሩት የፈጣን ምግብ ቤቶች ናቸው ይላል።»

«ማን ነው የሚለው?» ጠየቁ እቴቴ፣ እያወቁ።

የመርማሪት ጉንጭ ጋለ። እቴቴም መልሱን ከጉንጯ ላይ አንብበው ሳቁ። «አዪ! ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል» አሉ።

ከዚህ ታሪክ ጋር ዛሬ ገና የተገናኘህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ «ይላል» የተባለው ሰው ማን እንደሆነ ልንገርህ። ቀጮ ይሉታል። ከጠዋት እስከ ማታ ቺዝ መሃል እየዋለ አንዲት ኪሎ እንኳ ያልጨመረ ወጥ ሠሪ ቢኖር እሱ ነው። የሚሠራበት የፈጣን ምግብ ቤት መርማሪት ከምትሠራበት የደም ምርመራ ላቦራቶሪ ፊት ለፊት ነው። መርማሪት የሚለውን ስም ግን ያመጣው ላቦራቶሪው እንዳይመስልህ። ገና ልጅ ሳለች «ይሄ ለምንድነው? ያ እንዴት ነው?» እያለች ቤተሰቡን ስታስጨንቅ የወጣላት የቤት ስም ነው፤ ሥራው በኋላ ነው ስሙን ተከትሎ የመጣው።

የተዋወቁትም በዚሁ ጠባይዋ ነው። አንድ ቀን ምሳዋን ልትበላ ገብታ፣ የቀረበላትን ፒዛ እንደመብላት የላይኛውን ቂጣ በፕላስቲክ ሹካ አንስታ ውስጥ ውስጡን ስታይ፣ ከምግብ ማውጫው መስኮት አንድ ቀጭን ሰው ጎንበስ አለ።

«እህት፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?»

«ቺዙ ለምን ከላይ ብቻ ሆነ? መሃል ቢገባ ምን ይሆናል?»

ቀጮ «ለምን ዘገየ? ለምን አነሰ?» የሚሉ ሰዎችን ለምዷል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ገጥሞት አያውቅም። እውነቱን ለመናገር መልሱንም አያውቀውም ነበር። «ነገ ነይና ልንገርሽ» አላት። በማግስቱ ስትመጣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ወጣ። «ሞከርኩት። ቺዙ መሃል ሲገባ ይቀልጥና ላይኛው ቂጣ ይንሸራተታል። ባርኔጣው የወደቀበት ሽማግሌ ነው የሚመስለው» አላት። መርማሪት ሳቀች። ሲስቁ ማምሸት የመጣው በኋላ ነው፤ ልቧን የወሰደው ግን ያኔ ነበር። ብዙ ሰው ጥያቄ ሲጠየቅ ወይ ይቆጣል ወይ ይዋሻል። ይሄኛው ሄዶ ሞከረ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ ጥያቄ ይዛ ትሄዳለች፣ በየቀኑ አንድ መልስ ይዛ ትመለሳለች። ፍቅራቸውም እንደኛ ጽሑፍ በክፍል በክፍል ቀጠለ።

መርማሪት ያደገችው ግን ጡረታ ከወጡ በኋላም ኮታቸውን ሳያወልቁ ምሳ በሚበሉ ዳኛ ቤት ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አሳዳጊዋም፣ መካሪዋም፣ ሁሉም ነገሯ አባቷ ናቸው። ስለ ቀጮ የሰሙ ዕለት መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አንቺን የመሰለች ልጅ ለጥብሳጥብስ ሻጭ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሲነሳ ጋዜጣ ያነሳሉ።

ይህ ሁሉ ቀስ እያለ ይስተካከል ይሆናል ብላ ስትጠብቅ፣ ምግብ ቤቱ ሩቅ ከተማ አዲስ ቅርንጫፍ ከፍቶ ቀጮን የወጥ ቤቱ ኃላፊ አደረገው። ሰኞ ይሄዳል። «አብረሽኝ ነይ። እንጋባ» አላት፣ ዱቄት ባልለቀቀው እጁ እጇን ይዞ። መርማሪት ልቧ «እሺ» እያለ አፏ ዝም አለ። ያለ አባቷ ምርቃት ከዚያ ቤት ወጥታ ደስታ የሚባል ነገር እንደማታይ ታውቀዋለች። እንዲያ ብላ እንዳትነግረው ደግሞ አባቷ ያሉትን ልትነግረው ነው፤ ያንን አፏ አልደፈረም።

በየቀኑ አባቷን ለመነች። በመጨረሻ ዳኛው እንዲህ አሉ፤ «እኔ ማስረጃ ሳላይ ፈርጄ አላውቅም። ይሠራል የምትይውን ምግብ ቅዳሜ ምሳ ላይ አቅርቢልኝ። ሙያው ሙያ ከሆነ ሰውየውን እቀበለዋለሁ። ካልሆነ ግን ይሄ ነገር ሁለተኛ በዚህ ቤት አይነሳ።»

«እዚያው ሄደን ብንበላስ አባዬ?»

«እኔ ሰልፍ ይዤ ምሳ አልበላም።»

ስለዚህ መርማሪት ወደ ቀጮ ሄደች። ምክንያቱን አልነገረችውም። ለአባቷ ፍርድ እንደ ላቦራቶሪ ናሙና ሊቀርብ መሆኑን ቢሰማ ልቡ ይሰበራል ብላ ፈራች። ምግብ ቤቱ ጀርባ፣ ባዶ የዘይት ጀሪካኖች ተደርድረው ከሚቀመጡበት በር ላይ ጠርታ፣ «ፒዛውን ቤቴ ውስጥ ራሴ ልሥራው። አስተምረኝ» አለችው ብቻ።

የቀጮ ፊት ሲለወጥ አይታለች። ሲስቅ የነበረ ሰው በአንዴ ጭልም አለ። መሬት መሬት እያየ ቶሎ ቶሎ ነገራት፤ ሊጡ ለስለስ ብሎ ስስ ሆኖ ይዳመጥ፣ ዘይቱ በደንብ ይጋል፣ ቦሎቄው በነጭ ሽንኩርትና በከሙን ይጠበስ፣ ሥጋው ውኃው እስኪጠፋ ይብሰል፣ ስጎው አይብዛ።

«በቃ? ሌላ የለም?»

«በቃ» አለና ቻው እንኳ ሳይላት ገባ።

እሷም ያንን ፊት ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰለቸሁት፣ መጠበቅ አድክሞት ልቡ ቀዝቅዟል አለች። ቢሆንም የነገራትን አንድ በአንድ በልቧ ይዛዋለች። አሁን ሊጡን በጠርሙስ ስትዳምጥ፣ ዘይቱን ስታግል፣ ቂጣው ሲነፋ በማንኪያ ስትጫን፣ ጥፋቱን የምትፈልገው ከራሷ እጅ ነው። ዘይቱ በዛ? እሳቱ አነሰ? ሊጡ ቀጠነ? መርማሪት የማትጠይቀው ነገር የለም ይባላል። አንድ ያልጠየቀችው ነገር ቢኖር የሱ ቃል ነው።

*

ከኦቨኑ ሲወጣ ግን ያምር ነበር፤ ይሄን መካድ አይቻልም። ቺዙ ፍልቅልቅ ይላል፣ ቲማቲሙ ያብረቀርቃል፣ አረንጓዴው ሽንኩርት ከላይ ነስነስ ብሏል። እቴቴ እንኳ ነገር መወርወራቸውን ትተው «እህ!» አሉ። የመርማሪት ልብ በተስፋ መዝለል ጀመረ።

ዳኛው ገበታው ራስ ላይ ተቀምጠዋል። ቢላዋውን አነሱ፣ ፒዛውን ከአራት ከፈሉና አንዱን በሹካ ብድግ አደረጉት። ቂጣው ጫፉን ወደ ታች ደፋ። መጀመሪያ ቲማቲሙ ወረደ፣ ቀጥሎ ቺዙ፣ ከዚያ ቦሎቄው ከነሥጋው ሳህኑ ላይ ዘፍ አለ። ሹካው ላይ የቀረው ዘይት የጠጣ ቂጣ ብቻ ነበር። ዘይቱም ነጩ የገበታ ጨርቅ ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ።

ዳኛው ቀመሱት፤ በአግባቡ አላመጡት፤ ዋጡት። ከዚያ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ያስተማረሽ እሱ ራሱ ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«ያለሽን ሁሉ አድርገሻል? የዘለልሽው ነገር የለም?»

«አንድም የዘለልኩት የለም።»

«እንግዲያው ከሁለት አንዱ ነው» አሉ ዳኛው። «ወይ ይህ ሰው ሥራውን አያውቅም። ወይ ላንቺ ደንታ የለውም።»

ይህን ያሉት በክፋት ቢሆን ኖሮ መርማሪት ትቆጣና ይቀልላት ነበር። ድምጻቸው ግን ረጋ ያለ፣ እንዲያውም የሚያዝን ነበር።

«ተው እንጂ ወንድሜ» አሉ እቴቴ። «የተበላሸው ምግብ ነው፤ ሰው አልሞተም።»

መርማሪት ተነሳች። ሽርጧን ፈታ ወንበሩ ላይ ጣለችና ቦርሳዋን አነሳች።

«ወዴት ነው?» አሉ አባቷ።

«ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ልጠይቀው።»

ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ሥራውን እንደማያውቅ ቢነግራት በወደደች። ነገር ግን ሥራውን አሳምሮ እንደሚያውቅ ከሷ የበለጠ ማንም አያውቅም። ያ ከሆነ ደግሞ የሚቀረው አንዱ ብቻ ነው። ታክሲው ውስጥ ሆና ያንን አንዱን ላለማሰብ ዓይኗን ጨፈነች፤ ማሰቡን ግን አልተወችም።

*

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ቤቱ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል። ሰልፉ ከመስኮቱ ተነስቶ በሩ ድረስ ደርሷል። መርማሪት በጎን አልፋ ቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«እህቴ፣ ሰልፍ አለ እኮ!» አለ ከፊት የቆመ ወፍራም ሰውዬ።

«ለመብላት አይደለም» አለችው። ሰውየውም ታዲያ ለምን ይሆን ብሎ ጆሮውን ቀሰረ።

ቀጮ ትሪ ይዞ ብቅ አለ። ሲያያት ትሪው እጁ ላይ ተናጋ።

«ሥራህን አታውቅም ወይስ አትወደኝም?» አለችው።

«ምን?»

«ከሁለቱ አንዱን ንገረኝ። ያልከኝን ሁሉ አድርጌ ሠራሁት። እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልመጠመጠ።»

«ሠራሽው?» አለ ቀጮ። ትሪውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ቂጣው… ተነፋብሽ?»

መርማሪት ክው አለች። መነፋቱን ገና አልነገረችውም።

«ታውቃለህ። እንደሚነፋ ታውቃለህ!»

ቀጮ አልካደም። «ዘይት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሹካ መወጋት አለበት» አለ ድምጹ ዝቅ ብሎ። «ሁሉም ቦታ፣ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ቂጣው ይነፋል፤ ስትጫኚው ደግሞ ዘይቱን ወደ ሆዱ ያስገባል። እኛ የምንወጋው ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት ነው። ለዚህ ነው አይተሽው የማታውቂው።»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

ቀጮ ወደ ምድጃው ዞረ። ከኋላ ዘይቱ ይንጣጣል።

«ንገራት እንጂ ወንድሜ!» አለ ወፍራሙ ሰውዬ፤ የራሱ ጉዳይ ያህል ጨንቆት።

ቀጮ ሁለት እጁን መስኮቱ ላይ አስደገፈ። «እዚህ መስኮት ላይ ስቆም አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ደንበኛ ‹እንዴት ነው የሚሠራው?› ብሎ ከጠየቀ ሊሄድ ነው። ቤቱ መሥራት የቻለ ሰው ተመልሶ አይመጣም። አብረሽኝ ነይ አልኩሽ፣ ዝም አልሽ። ቀጥሎ መጥተሽ አስተምረኝ አልሽ። በቃ፣ ፒዛውን ይዛ እኔን ልትተወኝ ነው አልኩ። ሁሉን ብነግርሽ በምን ትመለሺልኛለሽ? አንድ ነገር አስቀረሁ። ሲበላሽባት ‹ለምን?› ብላ ትመጣለች፤ እሷ ለምን ሳትል አታድርም ብዬ ነው።»

«ሲበላሽብኝ አልመጣሁም እኮ!» አለች መርማሪት። እንባዋ መጣ። «ስንት ሊጥ አበላሸሁ መሰለህ! ሁሌ ጥፋቱ የኔ ነው እያልኩ። ካንተ አፍ የወጣ ነገር ጎዶሎ ይሆናል ብዬ አንዴ እንኳ አልጠረጠርኩም። ሰው ሁሉ ሲነግረኝ ‹ለምን? እንዴት?› እላለሁ። አንተን ግን አመንኩህ።»

ይህ ከስድብ የከፋ ነበር። ቀጮ ራሱን ደፋ።

«ለማን እንደሠራሁትስ ታውቃለህ? ለአባቴ ነው። ቀምሰው ደስ ካላቸው አንተን ሊቀበሉህ፣ ካልሆነ ስምህ ሁለተኛ እንዳይነሳ። ልተውህ አይደለም የተማርኩት። ካንተ ላለመለየት ነው!»

ቀጮ ቀና አለ፤ ፊቱ እንደ ሊጡ ነጭ ሆኗል። «ይህንን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባቴ እንደ ናሙና ሊመረምሩህ ነው ልበልህ? ልብህ እንዳይሰበር ብዬ ነዋ።»

ከዚያ ሁለቱም ተያዩ። እሷ እንዳያዝን ብላ ደበቀችው፤ እሱ እንዳትሄድ ብሎ ደበቃት። የሆድን በሆድ ይዞ መዋደድ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ቁጣዋ አልበረደም፤ ግን እጁን መያዝ አማራት፤ ሁለቱም ስሜት አንድ ላይ ሲመጡባት ምን እንደምታደርግ ግራ ገባት።

«ታዲያ አባትየው አሁን የት ናቸው?» አለች ከሰልፉ መሃል አንዲት ሴትዮ፤ መጠየቅ የማይገባት መሆኑን ረስታ።

«እዚህ ነኝ» አለ ድምጽ ከወደ በሩ።

ዳኛው ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመዋል፤ ከነኮታቸው፤ እቴቴ ክንዳቸውን ይዘው። መርማሪት የመጠየቅ ጠባይዋን ከየት እንዳመጣችው ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ልጃቸው ከወጣች በኋላ ዳኛው ያንን የራሰ ቂጣ በሹካ ሲያገላብጡ፣ ብርሃን ላይ አንስተው ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ «አልገባኝም» ብለው ተነሱ፤ ያልገባቸውን ነገር ትተው ተቀምጠው አያውቁም።

«አባባ፣ ይለፉ፣ ይለፉ» ብሎ ሰልፉ ተከፈለላቸው።

«ተራዬ ሲደርስ» አሉ ዳኛው።

ወዮ ለቀጮ! ከፊታቸው ያለውን ሰው ሁሉ ማስተናገድ ነበረበት። ዶሮ ላዘዘ ድንች ሰጠ፣ ድንች ላዘዘ መጠጥ ብቻ ሰጠ። የሚገርመው ማንም አልተቆጣውም። የተሰጠውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሄደም የለም፤ ሁሉም ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቃል። መርማሪት መስኮቱ ጥግ ቆማ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እሱን ታያለች። የፈሩት ይደርሳል ሲሉ ሰምታለች፤ እንዲህ ተራውን ጠብቆ እንደሚደርስ ግን አታውቅም ነበር።

ዳኛው መስኮቱ ጋ ደረሱ። «አንድ የሜክሲኮ ፒዛ» አሉ።

ቀጮ ሠራው። አሻግረው ሲያዩት ቦሎቄውን እስከ ጠርዙ ቀባ፣ ሥጋውን በተነ፣ ሁለተኛውን ቂጣ ከደነ፣ ስጎውን ስስ አድርጎ ዳበሰው፣ ቺዙን አለበሰው። ከኦቨን አውጥቶ ከአራት ሲቆርጠው ቢላዋው ቀሽ፣ ቀሽ አለ። ዳኛው አንዱን በእጃቸው አነሱ። አልታጠፈም። ነከሱት፣ አላመጡት፣ ደገሙት።

«ወንድሜ፣ በል ፍረድ እንጂ! የሰው ነፍስ ተንጠልጥላለች» አሉ እቴቴ።

«ያልከውን ሁሉ ሰምቻለሁ» አሉ ዳኛው። «ጥፋተኛ ነህ።»

«ነኝ ጋሼ።»

«ከሚያምን ሰው እውነት መደበቅ ቀላል ነገር አይደለም።»

«አይደለም ጋሼ። አንድ ቃል የምከራከርበት የለኝም። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው፤ ቢሆንም ጥፋት ነው።»

ዳኛው አፋቸውን በሶፍት ጠረጉ። ዓይናቸው ከቀጮ ተነስቶ ወደ ልጃቸው ሄደ፤ መርማሪትም እንዲያ ባለ ዓይን አይተዋት እንደማያውቁ ተሰማት።

«እኔም ጥፋተኛ ነኝ» አሉ።

«ምን አሉ አባዬ?»

«እምቢ ያልኩሽ ሥራውን ንቄ አይደለም። ሚኒስትርም ቢሆን እምቢ እልሽ ነበር። ምክንያት ስፈልግ ጥብሳጥብሱን አገኘሁ።» ሶፍቱን አጣጠፉት። «ዕድሜዬን ሙሉ ችሎት ላይ ጠያቂው እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ የሚመልስልኝ ፈርቶ ነው። ቤት ስገባ ግን እኔን የሚጠይቅ አለ። ‹አባዬ ለምን? አባዬ እንዴት?› የሚለኝ አለ። አንዳንዴ ተይኝ እልሽ ነበር። አሁን ያ ድምጽ ከቤቴ ሲወጣ ሳስበው ፈራሁ። እንዳትሄጅብኝ ፈቃዴን ደበቅኩሽ። ይሄ ልጅ ሹካውን ደበቀ፤ እኔ ምርቃቴን። ከሱ የኔ ይብሳል።»

«እኔስ የት ሄጄ ነው ቤቱ ዝም የሚለው?» አሉ እቴቴ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

«አንቺ ትናገሪያለሽ እንጂ አትጠይቂም» አሉ ወንድማቸው።

ግድግዳውን የተደገፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። ወፍራሙ ሰውዬ ግን እየሳቀ አልነበረም፤ በእጁ የያዘውን ድንች ረስቶ ወደ ጣሪያው ያያል።

«ሰኞ ነው የምትሄደው?» አሉ ዳኛው ወደ ቀጮ ዞረው።

«አዎ ጋሼ።»

«ቀድመህ ሂድ። ሥራህን ያዝ፣ ቤት አዘጋጅ። ከዚያ ቤተሰብህን ይዘህ በፊት ለፊት በር ና። ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ከኔም ከሷም የምትደብቀው አንዳች ነገር አይኑር።»

ቀጮ «እሺ ጋሼ» ሊል አፉን ከፈተ። ሽርጡን አንስቶ ፊቱን ሸፈነበት። መርማሪት በመስኮቱ እጇን አሻግራ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ዱቄት ያለበትን እጁን ያዘችው። ጨበጣት፤ አጥብቆ ጨበጣት። «ሁለተኛ አልደብቅሽም» አላት ቀስ ብሎ። አመነችው። ለምን እንዳመነችው ራሷን አልጠየቀችም።

ከዚያ ወደ አባቷ ሄደች። ከጥግ ያለች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ፒዛቸው ፊታቸው ይቀዘቅዛል። አጠገባቸው ተቀመጠች። ከደስታዋ ጋር ሌላ ነገርም አለ። የአባቷን እጅ አየች። እርጅና እንዲህ የነካው መቼ ነው? ይህን ሁሉ ዓመት እየጠየቀች እንዴት ይህን ሳታይ ቀረች?

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ዳኛው። ፈገግ ለማለት እየሞከሩ ነበር። «ጠይቂኝ እንጂ።»

መርማሪት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። መልሱን ስለፈራችው ለመጠየቅ ጊዜ ወሰደባት።

«አባዬ፣ ያለኔ ይችላሉ?»

ዳኛው ከዋሿት እንደምታውቅ ያውቃሉ። ስለዚህ አልዋሿትም።

«አልችልም» አሏት። «ቢሆንም ሂጂ።»

መርማሪት ግንባሯን ኮታቸው ላይ ደገፈችና፣ ሰው አየኝ ሰማኝ ሳትል አለቀሰች። አባቷም ዘይት የነካው እጃቸው ጸጉሯን እንዳያቆሽሽ እየተጠነቀቁ፣ በክንዳቸው ብቻ አቀፏት።